የጉና ማርና የጉማራ ነጭ ዓሣ፦ በቤተሰብ ጉልበት የሚሰበሰቡ ሁለት የዱር ሀብቶችና የየራሳቸው ልክ

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የገበሬው ቤተሰብ መተዳደሪያ እህልና ከብት ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ ተዳፋት፣ ማሳው ጠባብ፣ ዝናቡም አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ የሚገባና ቀድሞ የሚወጣ በመሆኑ እህል ብቻውን ዓመቱን አያደርስም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የክልሉ ወረዳዎች መካከል መሆናቸው ይህንኑ ያስረዳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከማሳው ውጭ ያለውን ማየቱ የግድ ነው። ከማሳው ውጭ ካሉት መካከል ማንም ያልዘራቸው፣ ሆኖም በእጅ ተሰብስበው ገበያ የሚወጡ ሁለት ሀብቶች አሉ፤ እነርሱም ከተራራው አበባ የሚገኘው ማርና ከወንዙ የሚገኘው ዓሣ ናቸው።

ሁለቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ወቅት ጠብቀው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ብዙ ካፒታል ሳይጠይቁ በባል፣ በሚስትና በልጆች ጉልበት ይሠራሉ፤ የሁለቱም ገበያ ከበዓልና ከጾም ጋር የተሳሰረ ነው። በአንድ መሠረታዊ ነገር ግን ይለያያሉ። ማር ሰብሳቢው ከልክ በላይ ቢወስድ በዚያው ዓመት ንቡን ያጣል፤ ዓሣ አስጋሪው ከልክ በላይ ቢወስድ ግን ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያም በእርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ይመረምራል፤ በሁለቱ ሀብቶች ላይ የሚቋቋም የቤተሰብ ንግድ የትኛውን መሠረት፣ የትኛውን ድጋፍ ማድረግ እንዳለበትም ያመለክታል።

የአካባቢው አቀማመጥና የውኃው አቅጣጫ

የአካባቢው ምሰሶ ጉና ተራራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ላዩ ጓሳ ሣርና ጅብራ፣ ዝቅ ሲል አስታ፣ ከዚያም በታች ገብስ፣ ድንችና ስንዴ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ወደ ስማዳና ታች ጋይንት ቆላዎች ሲወረድ ግራርና ቁጥቋጦ ይተካሉ። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር የሚያደርስ መሬት በመሆኑ፣ በአንዱ ከፍታ አበባ ሲረግፍ በሌላው ይፈነዳል። ለንብ ሥራ ትልቁ የተፈጥሮ ዕድል ይህ ነው።

ከጉና የሚነሣው ውኃ በሁለት በኩል ይወርዳል። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው ጋይንትንና ስማዳን አቋርጦ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ ርብና ጉማራ በተባሉት ወንዞች አማካይነት ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳል። የጉማራ ተፋሰስ ፋርጣን፣ እስቴን፣ ደራንና ፎገራን ይነካል። በዚህም ምክንያት በእስቴ ዳገት ላይ የሚታረሰው ማሳና የሚቆረጠው ቁጥቋጦ ከጣና ዓሣ ጋር በአንድ ውኃ የተሳሰረ ነው። ማርና ዓሣን በአንድ ጽሑፍ ለማየት የሚያበቃው ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፤ ንቡ የሚቀስምበት ተዳፋት ዓሣው የሚራባበት ወንዝ ራስጌ ነውና።

የማር ሥራ በቤተሰብ ውስጥ

በኢትዮጵያ ንብ ማነብ እጅግ ጥንታዊ ሥራ ነው። ማር ለመንግሥት ግብር ይከፈልበት፣ ለቤተ ክርስቲያን በሰሙ ይገበርበት፣ ለግብዣ ጠጅ ይጣልበት ነበር። ዛሬም ሀገሪቱ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ሥፍራ ይዛለች፤ ከምርቱ አብዛኛው ግን ወደ ውጭ ሳይሄድ በሀገር ውስጥ ለጠጅ ይውላል። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ማር ለመቀበል ከተፈቀደላቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ቤተሰቡ የሚጠቀምባቸው ቀፎዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ባህላዊው ቀፎ ከጭቃና ከእበት፣ ከሸንበቆ፣ ከሐረግ ወይም ከግንድ ይሠራል፤ በዛፍ ላይ ይሰቀላል ወይም በቤት ጥግና በአጥር ሥር ይቀመጣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ምርቱ ግን በተለምዶ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም አይበልጥም። የሽግግር ቀፎ ንቡ እንጀራውን የሚያንጠለጥልባቸው አግዳሚ ዘንጎች አሉት። ዘመናዊው የፍሬም ቀፎ ደግሞ የጫጩቱን ክፍል ከማሩ ክፍል ስለሚለይ ማሩ ያለ ጉዳት ይወጣል፤ እንጀራውም ተጣርቶ ተመልሶ ይገባል። በደህና እንክብካቤ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይሰጣል።

የልዩነቱ ምክንያት በንቡ ድካም ላይ ነው። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ማር ይበላል። በባህላዊ ቀፎ ማር በተቆረጠ ቁጥር እንጀራው አብሮ ስለሚቆረጥ ንቡ በየዓመቱ ቤቱን እንደ አዲስ ይሠራል። በፍሬም ቀፎ ግን የተሠራው እንጀራ ስለሚመለስለት ድካሙን ወደ ማር ያዞራል። ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ውጤት ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ የፍሬም ቀፎ ማር ቢያበዛም ሰም ያሳንሳል። ከባህላዊ ቀፎ ከማሩ ክብደት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሰም ሲገኝ፣ ከፍሬም ቀፎ የሚገኘው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አምስት ባህላዊ ቀፎ ያለው ቤተሰብ በዓመት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ማርና ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሰም ያገኛል እንበል። ከአምስቱ ሁለቱን በፍሬም ቀፎ ቢተካ ማሩ ከ45 እስከ 64 ኪሎ ያድጋል፤ ሰሙ ግን ወደ 1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ዝቅ ይላል። አምስቱንም ቢተካ ማሩ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል፤ ሰሙ ከ2 ኪሎ አያልፍም። ይህ እንግዲህ ንቡ ሳይኮበልል፣ አበባውም ሳያጥር ነው። አበባው ካልበቃ ግን አምስት ትልልቅ ሣጥኖች ባዶ ቤቶች ናቸው። የቀፎ ዓይነት መቀየር ብቻውን ምርት የማያሳድገው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆጠረው ቀፎ ሳይሆን አበባ ነው።

አበባው፣ የአበባውም ዘመን

በአካባቢው ዋናው የማር ወቅት ከክረምት መውጫ በኋላ ያለው ነው። በመስከረም አደይ አበባና መጭ ሜዳውንና የማሳውን ዳር ይሸፍናሉ፤ ማገጥ፣ ባቄላና ጎመን ዘር ይከተላሉ። ቀፎው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ለቆረጣ ይደርሳል። ሁለተኛውና አነስተኛው ወቅት በበልግ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ግራር፣ ወይራ፣ ብሳናና ሌሎች ዛፎች ባበቡበት ዓመት በግንቦትና በሰኔ የሚቆረጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደረቅ ወራትና የክረምቱ ልብ ንቡ የሚራብበት ጊዜ ነው። አዋቂ ንብ አናቢ በዚህ ጊዜ የስኳር ብጥብጥ ወይም የተቆላ ሽሮ ያቀርብለታል፤ ከሁሉም አስቀድሞ ግን በኅዳር ቆረጣ ጊዜ ለንቡ ስንቅ የሚሆን እንጀራ ይተውለታል።

የማር ሥራ ራሱን በራሱ የሚገታው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ስንቅ ያልተተወለት ንብ በጥር ወይም በየካቲት ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ሁሉን የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ቀፎ ይዞ ይቀራል፤ ልክ የጠበቀው ጎረቤቱ ደግሞ መንጋው ተከፍሎ ሲወጣ አዲስ ቀፎ ይሞላል። ቅጣቱም ሽልማቱም በአንድ ቤት ውስጥና በአንድ ዓመት ጊዜ ይታያል። ሕግ ሳይወጣ፣ ዘበኛ ሳይቆም ልክ የሚጠበቅበት ሥራ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ማለት ግን ማር ከጋራ ችግር ነፃ ነው ማለት አይደለም። ንቡ የግል፣ አበባው የጋራ ነው። አንድ ሰው በማሳው ላይ በቀን ብርሃን፣ አበባው በፈነዳበት ሰዓት ፀረ ተባይ ቢረጭ የሚሞተው የጎረቤቱ ንብ ነው። ፀረ አረም መድኃኒት ንቡን ባይገድልም መጭንና ሌሎች የማሳ ዳር አበቦችን ያጠፋል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የወጣው ንብንና ንብ አናቢውን ከእንዲህ ካለው ጉዳት ለመጠበቅ ጭምር ነው። በመንደር ደረጃ ግን የበለጠ የሚሠራው ቀላል ስምምነት ነው፤ ርጭት ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ማታ እንዲሆን፣ ከዚያ ቀን በፊትም ለንብ ባለቤቶች እንዲነገር ማድረግ።

ጧፍ፣ ጠጅና የማር ገበያ

የጋይንት ምድር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምድር ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን በመላ ሀገሪቱ ትታወቃለች። ሌሊት ማኅሌት የሚቆምበት፣ ተማሪ የሚበዛበት አገር ደግሞ ጧፍ ይፈልጋል፤ ጧፍም ሰም ይፈልጋል። በከተማ ሰው ሠራሽ ሻማ ቢበዛም ንጹሕ የንብ ሰም ለመሥዋዕትና ለማኅሌት ያለው ክብር አልቀነሰም። ስለዚህ ባህላዊ ቀፎን ሙሉ በሙሉ ጥሎ ወደ ፍሬም ቀፎ መሄድ ለዚህ አካባቢ ቤተሰብ የሚጠቅመው ሁልጊዜ አይደለም። ሁለቱን ቀላቅሎ መያዝ፣ ማሩን ከፍሬሙ፣ ሰሙን ከባህላዊው ማግኘት፣ ሁለት ገበያ ይከፍታል። ብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ የሚጣለው ሰፈፍ እንኳ በሙቅ ውኃ ቀልጦ በጨርቅ ቢጣራ ሰም ይሰጣል።

ጠጅ ሁለተኛው መንገድ ነው። ማርን ሳያጣሩ፣ ከነሰፈፉ ለጠጅ ጣይ መሸጥ ፈጣን ገንዘብ ያመጣል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ነው። ያልበሰለ፣ ማለትም ንቡ በሰም ያልከደነው ማር ውኃ ስለሚበዛበት ፈጥኖ ይቦካል። በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት በማር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የተከደነውን እንጀራ ብቻ መቁረጥ፣ በጭስ ማብዛት ጣዕሙን አለማበላሸት፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ የዋጋ ልዩነት የሚያመጡ ሥራዎች ናቸው። የደጋው ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ይህም የስኳር ቅልቅል ምልክት ሳይሆን የማሩ ጠባይ መሆኑን ለከተማ ገዢ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በሥራ ክፍፍልም በኩል የቀፎ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በዛፍ ላይ የሚሰቀል ቀፎ በሌሊት፣ በገመድና በእሳት ጭስ የሚቆረጥ በመሆኑ የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ የሴቷ ድርሻ ማሩን ማጣራት፣ ጠጅ መጣልና መሸጥ ነበር። በጓሮ፣ በመደብ ላይ የሚቀመጥ ቀፎ ግን ሴቶችንና መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ያሳትፋል። ንብ እርሻ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማረፊያና ጠባቂ ነው።

የነጭ ዓሣ ጉዞ

ከተራራው ወደ ወንዙ ሲወረድ የሁለተኛው ሀብት ነገር ይመጣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ከታች ካለው የዓባይ ወንዝ ክፍል በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለተለየ ዓሦቹ ከቀሪው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች ጋር ሳይቀላቀሉ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ለገበያ የሚውሉት ዋና ዋናዎቹ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። በሳይንስ ላቤዮባርበስ በሚባለው ወገን ሥር የሚመደበው ነጭ ዓሣ ለብቻው ልዩ ቦታ ይሰጠዋል፤ በሐይቁ ውስጥ 15 ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርካቶቹ ለመራባት ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ። በሐምሌ የወንዞቹ ውኃ ሲሞላ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጎርፉን ተቃውመው ወደ ላይ ይጓዛሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ከዋናው ወንዝ ወደ ትንንሽ ገባሮች ገብተው በንጹሕ ጠጠር መካከል እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በጠጠሩ መካከል አየር የያዘ ንጹሕ ውኃ ሲያልፍ ነው። ትልልቆቹ ወደ ሐይቅ ይመለሳሉ፤ ታዳጊዎቹም ወንዙ ሳይደርቅ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ።

ይህ ጉዞ የዓሣው ሕይወት መሠረት ነው፤ የመያዣውም ቀላሉ ጊዜ ይኸው ነው። ተበታትኖ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በጥቂት ሳምንታት በጠባብ የወንዝ አፍ ይሰበሰባል። በዚያ ላይ የተዘረጋ መረብ በሐይቁ መካከል ከተዘረጋው በብዙ ይበልጣል። የሚያዘው ግን እንቁላል የተሸከመችው እናት ናት። በገባሮቹ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ትልቁንም ትንሹንም አደንዝዞ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው።

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ለዘመናት ከዳርቻ ሳይርቁ ይሠሩ ነበር። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኝቷል፤ የታዳጊዎቹ ማነስ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። ታዳጊው ማነሱ ምክንያቱ በርቢው ላይ መሆኑን ያመለክታል። መረቡ ብቻውን አይደለም፤ የወንዝ ዳር አሸዋና ጠጠር ማውጣት፣ በበጋ ውኃውን በሞተር ስቦ ማድረቅ፣ ከተራራው ታጥቦ የሚመጣው ደለልም የርቢውን ቦታ ያጠፋሉ።

የጾም ገበያና የርቢ ወቅት

የዓሣ ገበያ በአማራ ክልል ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። በጾም ዓሣ መብላትን የሚተዉ ምእመናን ብዙ ቢሆኑም፣ በከተሞች ሥጋና ወተት በሚቀርበት ጊዜ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ትልቁ ገበያ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ናቸው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ውስጥ ስለሚውል ነጭ ዓሣው በሐይቁ ተበታትኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። የፍልሰታ ጾም ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ይህም ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ጉዞ ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በዚህ ወቅት ገበያውም ዓሣውም በአንድነት ይመጣሉ። ለቤተሰቡ ደግሞ ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት ወር ነው። ችግር፣ ገበያና የዓሣው መጋለጥ በአንድ ወር መገናኘታቸው የነጭ ዓሣን አደጋ ከሌላው ሁሉ የከበደ አድርጎታል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን የመሰለውን ሀብት በሥርዓት ለመጠቀም ነው። ሕጉ ግን በወንዝ አፍ ላይ ያለውን ሰው የነሐሴ ጥያቄ አይመልስለትም። ጥያቄውም፣ «እኔ ብተወው ሌላው አይወስደውምን?» የሚል ነው።

የሁለቱ ሀብቶች መሠረታዊ ልዩነት

መልሱ ከማሩ ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ይሆናል። ንብ አናቢው ለንቡ የተወው ስንቅ ለእርሱው ይመለሳል፤ ቀፎው የእርሱ ነውና። አስጋሪው ያሳለፈው ዓሣ ግን ለእርሱ አይመለስም፤ ከበላዩ ያለው አስጋሪ ይይዘዋል፤ ያም ባይዘው ከዓመታት በኋላ የሚያድገው ጫጩት በማን መረብ እንደሚገባ አይታወቅም። በማር ሥራ ቁጥብነት ጥቅም ነው፤ በወንዝ አፍ ዓሣ ሥራ ብቻውን የሚቆጥብ ሰው ተጎጂ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ምክርና ሥልጠና ይበቃል፤ በሁለተኛው ምክር አይበቃም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስር ደንብ ያስፈልጋል። አስጋሪውን ስግብግብ እያሉ መውቀስ፣ ንብ አናቢውንም አስተዋይ እያሉ ማመስገን ነገሩን ይሸፍነዋል። አንድ ሰው በቀፎው ዘንድ ቆጣቢ፣ በወንዙ ዘንድ ጨራሽ ሊሆን ይችላል፤ የለወጠው ጠባዩ ሳይሆን የሀብቱ ሥርዓት ነው።

በሰሜን አሜሪካ ተመሳሳይ ጥንድ ይገኛል። በዚያ ቤተሰቦች ሜፕል ከተባለው ዛፍ ጣፋጭ ውኃ ቀድተው አንጥረው ሽሮፕ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹም በወንዝና በባሕር የሚያዝ የዱር ሳልመን ዓሣ ይሸጣሉ። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ገደማ የዛፍ ውኃ ያስፈልጋል። የዛፉ ባለቤት በቀጭን ዛፍ ላይ ቀዳዳ ቢያበዛ የራሱን ዛፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ልክ ይጠብቃል። ሳልመን ግን እንደ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወንዝ የሚወጣ በመሆኑ በባለቤቱ ቁጥብነት አይጠበቅም። በአላስካ ሥርዓቱ የቆመው በቆጠራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካ ክፍለ ሀገር የሆነችው አላስካ ዓሣን ዘላቂነቱን ጠብቆ መጠቀም እንደሚገባ በሕገ መንግሥቷ ደንግጋለች። በወንዞች ዳር ማማና የመቁጠሪያ አጥር ተሠርቶ ወደ ርቢው ቦታ ያለፈው ዓሣ ይቆጠራል፤ በቂ ቁጥር ማለፉ ሲረጋገጥ ማስገር ይፈቀዳል፤ ካነሰ ይዘጋል። መጀመሪያ የወንዙ ድርሻ፣ ቀጥሎ የሰው ድርሻ ማለት ነው።

ከጉማራ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ልዩነቶች አሉ። የፓስፊክ ሳልመን አንድ ጊዜ ተራብቶ ይሞታል፤ ነጭ ዓሣ ግን ወደ ሐይቅ ተመልሶ በሌላ ዓመትም ሊራባ ይችላል። ስለዚህ በጉዞ ላይ የተያዘች አንዲት ትልቅ እናት የምታሳጣው የአንድ ዓመት ሳይሆን የብዙ ዓመታት ርቢ ነው። ሁለተኛው፣ የክረምት ጉማራ ድፍርስ ስለሆነ ዓሣውን ቆሞ መቁጠር አይቻልም። ቁጥር በሌለበት ቦታ የሚተካው ጊዜ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ የወንዝ አፎችንና ገባሮችን ዘግቶ ሐይቁን ለቀረሶ ክፍት መተው። ቀረሶ ወንዝ ሳይወጣ በሐይቁ ዳርቻ ስለሚራባ የፍልሰታ ገበያ በእርሱ ሊቀርብ ይችላል፤ ይህም በልክ ነው።

ለቤተሰብ ንግድ የሚሆን የዓመት አደረጃጀት

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚቋቋም የማርና የዓሣ ንግድ ዓመቱን እንደሚከተለው ሊከፍለው ይችላል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር የንብ ጊዜ ነው። ቀፎ ይጠረጋል፤ ከጉንዳን ይጠበቃል፤ የተከደነው እንጀራ ተቆርጦ ለንቡ ስንቅ ይተዋል። በታኅሣሥና በጥር ማሩ ይሸጣል፤ ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ የጠጅ ገበያ ናቸው። ሰሙም በዚህ ጊዜ ተጣርቶ ጧፍ ለሚሠሩ ይቀርባል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው የዐቢይ ጾም ወቅት ዓሣ ይሸጣል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚወጣው፣ «የቻይና መንገድ» እየተባለ የሚጠራው ጎዳና ለዚህ ይጠቅማል፤ ማሩ በወረደበት መኪና ዓሣው ሊወጣ ይችላል። በረዶ በማይገኝበት ቦታ በደንብ ጨው የተደረገበትና የደረቀ ዓሣ ይመረጣል። በስማዳ በኩል በሽሎና ዓባይ ዳር ያሉ ቤተሰቦች በበጋ፣ ውኃው ሲቀንስ፣ በመንጠቆና ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብ መሥራት ይችላሉ። ግንቦትና ሰኔ፣ በልግ የዘነበ እንደሆነ፣ ሁለተኛው የማር ቆረጣ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ንብ የሚመገብበት፣ ቀፎ የሚሠራበትና ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ ይሆናል፤ ነጭ ዓሣ አይነካም።

ይህ አደረጃጀት እንዲሠራ የነሐሴ ችግር መልስ ማግኘት አለበት። ከኅዳር ማር የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለነሐሴ በቁጠባ ማኅበር ካልተቀመጠ፣ ቤተሰቡ እንደገና ወደ ወንዝ አፍ ይወርዳል። ማሩ ለዓሣው እረፍት የሚከፍል ገንዘብ ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ተዳፋቱም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በሴፍቲኔትና በተፋሰስ ልማት ሥራ እርከን ተሠርቶለት ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦና አበባ ያወጣል። ሣሩን አጭዶ መውሰድ፣ ቀፎ ማስቀመጥ እንጂ ከብት መልቀቅ የማይፈቀድበት ቦታ ለወጣቶች የንብ ማኅበር ምቹ ነው። በዚያው ተራራ የሚቀረው አፈር ወደ ጉማራ ገባር የማይወርድ አፈር ነው፤ ጠጠሩም ለዓሣ እንቁላል ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። በእስቴ ራስጌ የሚተከል አንድ የወይራ ችግኝ በላይ ማር፣ በታች ዓሣ ያሳድጋል ማለት ይቻላል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ የሐይቁ ጤና ከተራራው ተለይቶ እንደማይታይ ዕውቅና አግኝቷል።

ማጠቃለያ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ማርና ዓሣ የቤተሰብን ገቢ ሊያሳድጉ የሚችሉ ሀብቶች ናቸው፤ የሚቆሙበት መሠረት ግን አንድ አይደለም። ማር ባለቤቱ ልኩን ካለፈ በራሱ ላይ ወዲያው የሚፈርድ ሀብት ነው፤ ስለዚህ የንግዱ መሠረት ሊሆን ይገባል። ነጭ ዓሣ ልኩ በጋራ ካልተወሰነ በቀር ለማንም የማይቆይ ሀብት ነው፤ ስለዚህ በበጋና በዐቢይ ጾም ብቻ የሚደግፍ፣ በክረምት የሚያርፍ ሊሆን ይገባል። የልማት ሠራተኛው ለንብ አናቢው ቀፎ ሲያድል የአበባውን መጠን አስቀድሞ መመዘን፣ የሰሙን ገበያም ከማሩ ጋር ማሰብ ይኖርበታል። የወረዳ አመራሩ ደግሞ የፍልሰታን ሁለት ሳምንት እንደ ተራ የገበያ ጊዜ ሳይሆን የጉማራ ዓሣ የሚቀጥልበት ወይም የሚቋረጥበት ጊዜ አድርጎ ማየት አለበት። በዚህ ወር ወንዝ አፍ ላይ መረብ የማይዘረጋው ሰው ብቻውን ተጎጂ እንዳይሆን ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።